የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፦ ግብር፣ ደሞዝና የአራት ኪሎው ምክር ቤት

ከቅዳሴ መልስ እዚህ ኤድመንተን፣ ፎር ስትሪት ላይ ካለች አንዲት ቡና ቤት ጎራ ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምክር ቤት ቀርበው የመንግሥታቸውን የኢኮኖሚና የግብር ፖሊሲ የተከላከሉ ሰሞን፣ ጨዋታው ሁሉ ስለ ግብር ሆነ። አንዱ ወዳጃችን፣ መንግሥትን መደገፉን የማይደብቅ ሰው፣ ስኒውን አስቀምጦ «እኛስ እዚህ ግብር አንከፍልም እንዴ? ያውም ደሞዛችን እጃችን ሳይገባ!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ጥቂቶች ተቆጡ። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። በስድብ ሳይሆን በቁጥር ሊመለስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ለመንግሥት የሚገባውን ልስጥ። ኢትዮጵያ የምትሰበስበው ግብር ከምጣኔ ሀብቷ አንጻር ከአንዳንድ ጎረቤቶቿም ያነሰ ነው። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ብር እያሳተመ ሲበደር ኖሮ ኑሮው እንዴት እንደናረ ሁላችንም እናውቃለን። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቅቶት ከባለ ዕዳ ከዳተኞች ተርታ ተሰልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብርን ለገበያ ሲለቅ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር ተፈቀደለት፤ ከቃል ኪዳኖቹም አንዱ የግብር ገቢን ማሳደግ ነበር። ስለዚህ «ገቢ ያስፈልገናል» የሚለው ክርክር ሐሰት አይደለም። ጥያቄው፦ ከማን? በምን ያህል? ማንስ ይቆጣጠረዋል? የሚለው ነው።

ከማን ለሚለው፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በአብላጫ ድምፅ የጸደቀውን የገቢ ግብር ማሻሻያ እንመልከት። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ ተብሎ ተጨበጨበ። 35 በመቶ የሚቆረጥበት እርከንም ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ተነሣ። ሲያዩት እፎይታ ይመስላል። ነገር ግን የ600 ብሩ ወለል በ2008 ዓ.ም. ሲደነገግ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበረ። ነፃ የሆነው ገቢ 27 ዶላር ያህል ነበር ማለት ነው። አዲሱ ሕግ ሲጸድቅ በባንክ ዶላሩ ከ130 ብር አልፏል፤ 2,000 ብር ከ15 ዶላር ብዙም አይዘልም። ያኔ 35 በመቶ የሚቆረጠው ወደ 500 ዶላር ከሚያገኘው ሰው ነበር። ዛሬ 108 ዶላር የማይሞላ ገቢ ያለው «ባለጸጋ» ተብሎ በዚያው እርከን ይገባል።

«ሠራተኛው በዶላር አይገዛ፣ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ጤፉን በዶላር አይገዛም። ነገር ግን ታክሲው የሚጠጣው ነዳጅ፣ የልጁ መድኃኒት፣ የወጡ ዘይት በዶላር የሚገቡ ናቸው። ብሩ ሲወድቅ የሁሉም ዋጋ ይነሣል።

የእህቴ ልጅ ዲግሪዋን ይዛ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ ደውላ «ጋሼ፣ ተጨመረልን!» አለችኝ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ድምጿ ቀዝቅዞ ደወለች። ወረቀትና እርሳስ ይዤ አብረን ደመርን። በአዲሱ እርከን ከ6,940 ብር የሚቆረጠው ግብር 888 ብር ነው፤ ከ11,500 ደግሞ 2,100 ብር። ከተጨመረላት 4,560 ብር ውስጥ 1,212ቱ በግብር፣ ሌላ 319 ብር በጡረታ መዋጮ ተመልሶ ሄደ። ከጭማሪው አንድ ሦስተኛው እጇ አልደረሰም። መንግሥት በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራው ተቀበለ፤ የቀረውን ገበያው ይጠብቀዋል። ከዚያ ላይ በምትገዛው ዕቃ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ሰፈሯ ያለው ነጋዴም ቢሆን፣ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ፣ ትርፉ ቢያንስም ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ ዝቅተኛ ግብር መጣሉን ያውቃል። ያንን ከኪሱ አይከፍለውም፤ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ከፋዩ ያው ደሞዝተኛው ነው።

አሁን ወደ ወዳጃችን ጥያቄ ልመለስ። እዚህስ? እዚህም ይኸው ብልሃት አለ። በብሪታንያ ከግብር ነፃ የሆነው ዓመታዊ ገቢ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12,570 ፓውንድ ላይ እንደታሰረ ነው። በኅዳር 2025ቱ በጀት ደግሞ እስከ 2031 እንዲቆይ ተወስኗል። ደሞዝ ከዋጋ ጋር ሲነሣ፣ ወለሉ ሳይነሣ፣ መንግሥት ሕግ ሳይለውጥ ግብር ይጨምራል። የእኔም የደሞዝ ወረቀት ይመሰክራል።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ይህንን ብልሃት የነገረኝ የተቃዋሚ ጋዜጣ ሳይሆን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው ገለልተኛ የበጀት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስንት ሰው ወደ ከፍተኛው እርከን እንደሚገፋ በጀቱ በተነገረበት ቀን ቆጥሮ አውጥቶታል። በሐምሌ 2025 መጀመሪያ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚከፈለውን ድጎማ ሊቀንስ ሲነሣ፣ ከ120 በላይ የገዛ ፓርቲው እንደራሴዎች አምፀው ዋናውን ክፍል እንዲያነሣ አስገደዱት። በ2022 ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ የግብር ቅነሳ ያወጁ የገንዘብ ሚኒስትር በ38 ቀናቸው ተባረሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯም ተከተሏቸው። እኔ ግብር የምከፍለው ወድጄ አይደለም፤ ነገር ግን የሚጠይቅልኝ አለ።

በእኛስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ግብር የመጣልና በጀት የማጽደቅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅም እንዲሁ። በወረቀት ላይ ከዌስትሚኒስተር አያንስም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ምርጫ፣ መጀመሪያ ይፋ ከሆኑት 436 መቀመጫዎች 410ሩን የያዘው አንድ ፓርቲ ነው። የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ የመሩት የአብን እንደራሴ አቶ ክርስቲያን ታደለ በሐምሌ 2015 ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሣ ተይዘው ታሰሩ። የጫካው ፕሮጀክት ገንዘብ ከየት መጣ ሲባል ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የተሰጠው መልስ፣ ከምክር ቤቱ በጀት የወጣ አይደለም የሚል ነበር። ታዲያ ይህ ምክር ቤት ስለ እህቴ ልጅ 1,212 ብር ይከራከራል ብሎ ማን ይጠብቃል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ምክር ቤት ሳይጠይቅ ሲቀር ሕዝብ በሌላ መንገድ እንደሚጠይቅ ታሪካችን ይነግረናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን የንጉሡ መንግሥት ራሱ ወደ ኋላ አለ፤ አስተዳዳሪው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ከጎጃም ተነሡ። በሐምሌ 2009 የቁርጥ ግብር ሲከመርበት የአምቦና የሌሎች ከተሞች ነጋዴ ሱቁን ዘጋ። ከዓመት በኋላ ያ መንግሥት የት እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ በወንበር ላይ ያልተጠየቀ ጥያቄ በአደባባይ ዋጋው ብዙ ደም እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

መፍትሔው እንደ ተራራ የራቀ አይደለም። ከግብር ነፃ የሆነው ወለል በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በሕግ ይነሣ። ከበጀት ውጭ የሚሠራ ፕሮጀክት ሁሉ ለዋናው ኦዲተር ይከፈት። የሚጠይቅ እንደራሴ አይታሰር። ይህን ያደረገ መንግሥት፣ ማንም ይሁን ማን፣ ግብር ሲጠይቅ የሚያፍርበት አይኖርም።

ለወዳጃችን በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እኔም እኮ በየወሩ ለእናቴ የምልከው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ አሁንም አልበቃትም አለች» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፓርቲ አላወራንም።

ቸር ወሬ ያሰማን!

ከኤድመንተን፣ ለንደን