ሕመም ሌላ፣ አቅም ማጣት ሌላ



ትናንት ግንቦት 2 የዓለም የሉፐስ ቀን ስለነበር ብዙዎቻችሁ ሐምራዊ ሪባን ለጥፋችሁ አይቻለሁ። ደግ ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ስለማይወራለት ነገር ልናገር፤ ስለ ጡንቻ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የእህቴ ልጅ ሉፐስ እንዳለባት ካወቅን ሦስት ዓመት ሆነን። ፊቷ ላይ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የወጣው ቅላት መጀመሪያ "ምች ነው" ተባለ፣ ቀጥሎ "ማዲያት"፣ ጣቶቿ ሲያብጡ ደግሞ "ሪህ"። ይሄን መንገድ ሉፐስ የገባበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ አልደግመውም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዳ በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ደህና ሆነች።

አምና ግን እናቷ "ይቺ ልጅ ሰንፋለች" አለችኝ። ሹሩባዋን ራሷ መሥራት ትታለች። እጇን አንስታ ትጀምርና መሃል ላይ ታወርደዋለች። ቡና ስታፈላ ከምትቀመጥባት በርጩማ የምትነሳው ጉልበቷን በእጇ ገፍታ ነው። "ያምሻል?" ስላት "ብዙም አያመኝም፣ እምቢ ነው የሚለኝ" አለችኝ።

"እምቢ ነው የሚለኝ።" ይቺን አነጋገር ያዙልኝ።

እኛ አካባቢ ለቁርጥማት ምክንያት ሞልቷል። ከመተሐራ እስከ ዝዋይ (ባቱ) ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ከሆነ፣ አጥንቱን ባመመው ቁጥር "ውሃው ነው" ይላል። ውሸት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች አጥንት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ አይተውታል። ወባም አለ። ትኩሳትና ድካም ይዞት ወደ ክሊኒክ የገባ ሰው ደግሞ "ታይፎይድና ታይፈስ" ሳይባል አይወጣም፤ ስለ ዊዳል ምርመራ ያለኝን ቅሬታ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል። መልካም ጎረቤቶቻችን "ሶደሬ ትታጠብ" አሉ። የሶደሬ ፀሐይ ለሉፐስ ታማሚ ምን እንደሆነ ቢያውቁ አይሉም ነበር።

የዚህ ሁሉ ችግሩ አንድ ነው፦ የምንጠይቀው ስለ ሕመም ብቻ ነው። ሉፐስ ያለበት ሰው ጡንቻው ቢያመው አይገርምም፣ አብዛኞቹን ያማቸዋል። ከመቶው ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ላይ ግን የሰውነት መከላከያው ጡንቻውን ራሱን ያጠቃል። ማዮሳይቲስ ይሉታል፣ የጡንቻ ብግነት። ዋናው ምልክቱ አቅም ማጣት ነው፤ ሕመም ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። የሚደክሙት ደግሞ ለግንዱ የሚቀርቡት ናቸው፦ ትከሻ፣ ክንድ፣ ዳሌ፣ ጭን። ስለዚህ ሰውዬው እስክሪብቶ ይይዛል፣ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ከመደርደሪያ ድስት ማውረድ ግን ያቅተዋል። ቁጢጥ ካለበት መነሳት ያቅተዋል። ለሚያየው ሰው ስንፍና ይመስላል።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። ልጅቷን እዚሁ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ከፍ ብሎ ተገኘ። "ጉበትሽ ተጎድቷል፣ መድኃኒቱ ይሆናል" ተባለች። ስድስት ሳምንት ስለ ጉበት ስንጨነቅ ከረምን፤ እህቴ ከቤት ውስጥ ቅባት የሚባል ነገር አጠፋች። ልጅቷ በዚህ መሃል ደረጃ መውጣት አቆመች።

ሁለቱም ኢንዛይሞች ጡንቻ ውስጥ አሉ፣ በተለይ ኤስጂኦቲ። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ። ይሄን ማን ማወቅ ነበረበት? እኔ። ወረቀቱን በእጄ ይዤ "ጉበት" ብዬ ያነበብኩት እኔም ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሲኬን ያስተማርኳችሁ ለልብ ብቻ የተፈጠረ ምርመራ አስመስዬ ነው፤ ደረቱን ያመመው ሰው ሲመጣ የሚታዘዝ። ለክንድና ለጭን ጡንቻም እንደሚሠራ አንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ይሆናል፣ እናንተ ታስታውሱ እንደሆነ እንጃ። ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የነቃሁት። ሲኬው ሲሠራላት ከአራት ሺህ በላይ ወጣ። የጤነኛ ሰው ከሞላ ጎደል ከሁለት መቶ በታች ነው።

ላብራቶሪ ላይ ላላችሁ አንዲት ማስታወሻ፦ ዳይክሎፌናክ መርፌ በመቀመጫ ከተወጋች በኋላ የተወሰደ ደም ሲኬውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከባድ ሸክምም እንዲሁ። ጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ደግሞ ሲኬው ደህና ስለሆነ ብቻ ብግነት የለም አይባልም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ዘመድ ሁሉ "ያደከመሽ ይሄ ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ተዪው" ይላት ነበር። ፊቷ ስላበጠ እሷም ልትተወው ዳር ደርሳ ነበር። ዘመዶቿ የተናገሩት ከባዶ ተነስተው አይደለም። ፕሬድኒሶሎን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እነዚያኑ የጭንና የትከሻ ጡንቻዎች ያደክማል፤ ያኔ ሲኬው ብዙውን ጊዜ ልከኛ ነው። አያችሁ ጉዱን? ሁለቱም ከበርጩማ መነሳት ይከለክላሉ። አንዱ የሚታከመው ብዙውን ጊዜ ያንኑ መድኃኒት በመጨመር፣ አንዳንዴም አዛታዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴት በማከል ነው፤ ሌላው ቀስ በቀስ በመቀነስ። በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም። በራስ ሥልጣን በአንድ ጊዜ ማቆም ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ ለወራት የወሰደ ሰው የራሱ ሰውነት ተመሳሳዩን ማምረት ቀንሷልና።

"ከአሥር ታማሚ አንዱን ለሚይዝ ነገር ይሄ ሁሉ ጩኸት?" የምትሉኝ አትጠፉም። አዎ። ምክንያቱም ጥያቄው ምንም ዋጋ የለውም። የክትትል ቀን የመጣችን ታማሚ "እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪና ከወንበሩ ተነሺ" ማለት ስንት ብር ያስወጣል? በየክትትሉ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ልክ ሽንት እንደምናየው፣ ግፊት እንደምንለካው። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ የተቸገረች ካለች ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

እናቶች፣ እህቶች፣ ባሎች፦ ሉፐስ ያለባት ልጅ "እምቢ አለኝ" ስትል "ሰነፍሽ" አትበሏት። እህቴ ያቺን ቃል ስታስታውስ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

ልጅቷ አሁን አሥረኛ ወሯ ነው። ሐኪሟ ያዘዘላትን ትወስዳለች፣ ፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች። ሹሩባዋን የፊቱን ራሷ ትሠራለች፣ የኋላውን እህቴ ትጨርስላታለች።

መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔና መተሐራ ያላችሁ ተማሪዎቼ፦ እናንተ ጋ ሲኬ ይሠራል? ካልተሠራስ ናሙናውን የት ነው የምትልኩት? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ላይ አድርጌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ሰው በር በር እያንኳኳ ከሚደክም።