ለአነስተኛ ራም፣ ዕድሜ ያለው ሲስተም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በትንሹ 4 ጊጋባይት ራም እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት መስፈርት ይጠይቃል። ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ የሚተየብበት ባለ 2 ጊጋባይት ኮምፒውተር ይህን አያሟላም። የተለመደው መላ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 7 መልሶ መጫን ነው፤ የእርሱ ድጋፍ ግን ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። የአንዱ ደንበኛ ፍላሽ ወጥቶ የሌላው በሚገባበት ቤት፣ ቀዳዳው የማይደፈን ሲስተም የሁሉንም ሰነድ ለቫይረስ ያጋልጣል።

ስለዚህ ወደ ነፃው ሊኑክስ መሻገር አለብን። የትኛው ሊኑክስ ለሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር “ከሁሉ ቀላሉን” ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፓፒ ሊኑክስ በእርግጥ እጅግ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በተለመደው አሠራሩ ተጠቃሚውን ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሰጥቶ ያስገባዋል። ብዙ እጅ ለሚነካው ማሽን ይህ አይሆንም። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ በአንጻሩ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እትም 5 ዓመት ያህል የደኅንነት ጥገና ያገኛል። ኤልኤክስኪውቲ ከተባለው ቀላል ገጽታ ጋር ሲጫን፣ ከተነሣ በኋላ የሚይዘው ራም ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የቀረው ለሥራ ይተርፋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው 13ኛው እትም ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ላይ እንደ አዲስ አይጫንም። ፕሮሰሰሩን አስቀድሞ ማየት ነው።

የሲስተም መታደስ ነገር እኛን በቋንቋችንም ይነካናል። ዩኒኮድ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላትን ያካተተው መስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 7 ይዞት የመጣው ናያላ ፎንት ከዚያ ብዙ ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ፣ በእነዚህ ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ከልጅነቱ በቋንቋው እንዲያነብ የምንፈልገው ተማሪ ፊት ባዶ ሳጥን ማስቀመጥ ያሳዝናል።

“የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አይሠራም፣ የአማርኛ መተየቢያው ፓወር ግዕዝም የለም” የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ሒሳብ የሚሠራበት አንድ ኮምፒውተር በዊንዶውስ ይቆይ፤ ለእርሱ ሲባል ሌሎቹ ሁሉ የሚታሰሩበት ምክንያት ግን የለም። አማርኛ መተየቢያ በሊኑክስም አለ፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን መለወጥ ይኖርባቸዋል፤ አድካሚ ቢሆንም የአንድ ጊዜ ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ብራውዘሩ ነው። ዛሬ አንድ ድረ ገጽ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል፣ የትኛውም ሲስተም 2 ጊጋባይትን 8 አያደርገውም። ዚራም የተባለው በራም ውስጥ ያለውን መረጃ ጨምቆ የማስቀመጥ ዘዴ ያግዛል፤ ያም ሆኖ ብዙ ገጽ በአንዴ መክፈት አይቻልም። ለመተየብ፣ ለማተምና ለማስተማር ግን ማሽኑ ይበቃል።

ኢንተርኔት ውድ ነው ለሚለውም፣ አንዴ የወረደው ዴቢያን በፍላሽ ተገልብጦ በፈለጉት ኮምፒውተር ብዛት ላይ ቢጫን ፈቃዱ አይከለክልም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጉራጌን ተጨማሪ ፊደላት የሚያሳይ የግዕዝ ፎንትና መተየቢያ ጨምረው አንድ ፍላሽ ቢያዘጋጁ፣ የመስቃን ወረዳ ትምህርት ቤቶች ያንኑ እየተቀባበሉ ሊጭኑት ይችላሉ።