የሚዋሽ ክፍል

ሙዚቃን በቤቱ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታገለው ከክፍሉ ጋር ነው። አዲስ አበባም ይሁን ላሊበላ፣ ስቱዲዮ ብለን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ስፒከርና አንድ አልጋ የሚጋሩት ሦስት በሦስት ክፍል ነው። ይህ ክፍል ዝም ብሎ አያዳምጥም፤ ራሱም ይዘምራል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ከብሎኬቱ ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ አንዱን ኖታ ያገንናል፣ ሌላውን ይውጣል። እኛም የክፍሉን ጠባይ የበገናው ጠባይ መስሎን እንቀንሳለን፣ እንጨምራለን። የክፍል ማረሚያ ሶፍትዌር የመጣው ይህን ውሸት ሊያጋልጥ ነው። በበኩሌ እጠቀምበታለሁ። ሆኖም እንደ ጠበል የሚያምኑበት ወዳጆች ስላሉኝ፣ እስከ የት እንደሚታመን ለመናገር እወዳለሁ።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ለመለኪያ የተሠራ ማይክሮፎን በአድማጩ ጆሮ ስፍራ ይቆማል፤ ስፒከሮቹ ከ20 ኸርዝ ተነሥቶ እስከ 20,000 ኸርዝ የሚወጣ ፉጨት ያሰማሉ፤ ፕሮግራሙም የተላከውን ከተሰማው ጋር አነጻጽሮ፣ የበዛውን የሚቀንስና ያነሰውን የሚጨምር ማጣሪያ ያዘጋጃል። የላትቪያው ሶናርወርክስና የስዊድኑ ዲራክ በገንዘብ ይሸጣሉ፤ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ደግሞ በነፃ ይገኛል።

ችግሩ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። (ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የአየሩ መሳሳት ይህን ፍጥነት አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀትና ብርድ ነው።) ግድግዳዎቹ 3 ሜትር በሚራራቁበት ክፍል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ መካከል ልክ ይገጥምና እየተመላለሰ ያጓራል። ሦስት በሦስት ከሆነ በርዝመትም በወርድም ያው ይደገማል። ግድግዳ ተደግፎ የሚሰማ ሰው ጆሮው እስኪሞላ ይሰማዋል፤ መሐል ላይ የተቀመጠው ግን ከናካቴው ያጣዋል ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ መሐል ላይ ለክቶ «ጎድሏል» ብሎ ቢጨምር፣ የተጨመረውም እዚያው ይጠፋል። 10 ዴሲቤል ለመጨመር አምፕሊፋየሩ ዓሥር እጥፍ ኃይል ያወጣል፤ ስፒከሩ ይንገላታል፤ ጉድጓዱ ግን አይሞላም። የጎላውን መቀነስ ላይ ጎበዝ ነው። የሌለውን መፍጠር ግን አይችልም።

ለእኛ ሙዚቃ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። የበገና ነፍሱ ያለው በወፍራሙ ድምፅና በእንዝራው መካከል ነው፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ አውታሩን እንደ ንብ ታስጮኸዋለች፤ ደርዳሪውም የእያንዳንዱን ስፍራ በትዕግሥት ያስተካክላል። ክፍሉ ወፍራሙን ሲያገንነው ሚክስ አድራጊው ይቆርጠዋል፤ በሌላ ሰው ቤት ሲሰማ በገናው ክራር ይሆናል። ከበሮውም እንዲሁ ነው። ሰፊው አፉ የሚሰጠው ያ ጥልቅ ምት ከስንት የወረብ ቅጂ ላይ ጠፍቶ፣ የቀረው የጠባቡ አፍ ጥፊ ብቻ ነው! የዘማሪዎቹ ጉድለት አይመስለኝም፤ ከኋላው የሚዋሽ ክፍል አለ።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከመጫኑ በፊት ወንበሩ ከመሐል ፈቀቅ ይበል፤ ዋጋ አይጠይቅም። የደጋው የሱፍ ባና ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቀጭኑን ማስተጋባት ይገታል፤ የ57 ኸርዝ ሞገድ ግን 6 ሜትር ርዝመት አለውና ባና አያስቆመውም፤ ለእርሱ ማዕዘን ላይ የተደራረበ የጥጥ ፍራሽ ይሻላል፣ እሱም በከፊል። የላስታ ክብ የድንጋይ ጎጆ ይሻላል ለሚሉኝ ደግሞ፣ የሣር ክዳኑ ድምፅ መጠጣቱ እውነት ነው፤ ክብ ግድግዳ ግን ድምፅን ወደ መሐል ይሰበስባል፣ ይህም ሌላ ጣጣ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይለካ።

የቤተ መድኃኔ ዓለም ነገር ከዚህ ይለያል። ከ30 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሕንፃ የመጀመሪያው ጓሪታ ከ10 ኸርዝ በታች፣ ጆሮ ከማይደርስበት ስፍራ ይወድቃል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ እጅግ ተቀራርበው ስለሚገኙ አንዱ ከሌላው ጎልቶ አያስቸግርም፤ ዓምዶቹም ድምፁን ይበትኑታል። እንዲህ ያለ ቤት ድምፅን ያዘገያል እንጂ አያጣምምም። እርማት የሚያሻው የምናዳምጥበት ክፍል ነው፤ የተዘመረበት ቤት ግን የዜማው አካል ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አንዱን ሊያርም ተነሥቶ ሌላውን ይፍቀዋል።

በወጣትነታቸው በወሎ ግሸን ማርያም ገዳም ዓሥር ዓመት የቆዩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በቴፕ የቀዷቸው ዝማሬዎች በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ርዕስ ወጥተዋል። ከፒያኖው ጋር ከመስኮት ውጭ ያሉ ወፎች ይሰማሉ። ያንን ማንም አለማጥራቱ ደስ ይለኛል። በእኛ የቤት ስቱዲዮዎች የሚበዛው ልማድ ግን የቤቱን ድምፅ በፕሮግራም አጥቦ፣ በምትኩ የአውሮፓ ካቴድራል ሪቨርብ ማልበስ ነው። የላስታ ማኅሌት በጀርመን ጣሪያ ሥር ይዘመራል!

ያው ፉጨትና ያው ማይክሮፎን ግን ሌላ አገልግሎት አላቸው። በአንድ ስፍራ የተለካ ማስተጋባት ተቀምጦ፣ በኋላ በሌላ ቅጂ ላይ ሊውል ይችላል፤ የካቴድራሎቹ ሪቨርብም ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንዲሁ ነው። በገና ዕለት ካህናቱ ከፊሎቹ በአለቱ ጫፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን የሚቀባበሉበት የቤተ ማርያም ግቢ፣ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ በካህናቱ ፈቃድ ቢለካ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተተከለው መጠለያ በፊት ግቢው እንዴት ያስተጋባ እንደነበር የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ጆሮዎች ብቻ ናቸው። መጠለያው አንድ ቀን ቢነሣ፣ ዛሬ የሚሰማው ድምፅም አብሮ ይነሣል።