ከአቅም በላይ ሲሆን



በየቤታችን የተለመደ አንድ ችግር አለ። አባት ከሥራው ይቀነሳል፤ ለቤተሰቡ ግን አይናገርም። ጠዋት ለብሶ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል፤ የአስቤዛውን ወጪ በብድር ይሸፍናል። ባለቤቱ ነገሩን የምትሰማው አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ነው። ተማሪው ልጅም ትምህርቱ እንደከበደው ለወላጆቹ ሳይነግር የፈተናው ውጤት ይደርሳል። አልጋ ላይ የዋሉ አማቷን ለብቻዋ የምታስታምም እናት ደግሞ «እንዴት ነሽ?» ስትባል «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች፤ የሌሊት እንቅልፍ ካጣች ግን ወራት አልፈዋል።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው «አልቻልኩም» የምትለዋን ቃል መፍራታቸው ነው። ቃሏ እንደ ውርደት ትቆጠራለች። የባሰው ነገር ደግሞ ለሰው ያልተነገረችው ቃል ብዙ ጊዜ ለአላህም (ሱ.ወ.) ሳትነገር መቅረቷ ነው። ሰላት እንሰግዳለን፣ እጃችንንም ለዱዓ እናነሳለን፤ ይሁን እንጂ የለመድነውን ደግመን፣ ያስጨነቀንን ነገር ሳንጠቅስ እንነሳለን።

በዚህ ረገድ ሱረቱል ቀሰስ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ይህ 28ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ከአንድ ሕዝብ የወጡ፣ ጠባያቸው ግን ፍጹም የተለያየ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል።

የመጀመሪያው ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ናቸው። ሊገድሏቸው ሲመካከሩባቸው ከግብጽ ሸሽተው መድየን ደረሱ። ውኃው ዘንድ ሰዎች ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ መንጋቸውን ይዘው ገለል ብለው ሲጠብቁ አገኙ። አባታቸው በዕድሜ የገፉ ስለነበሩ ሥራው በእነርሱ ላይ ወድቆ ነበር። ሙሳም አጠጡላቸው። ከዚያ ወደ ጥላ ዘወር ብለው፣ አላህ ለሚያወርድላቸው ማንኛውም መልካም ነገር ፈላጊ ድሃ መሆናቸውን ለጌታቸው ተናገሩ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሙሳ ቤት የሌላቸው፣ ሥራ የሌላቸው፣ ዘመድ የሌላቸው ስደተኛ ነበሩ። ሆኖም ጉልበታቸው የቻለውን ሥራ አስቀድመው ሠሩ። ለሠሩትም ከሴቶቹ ክፍያ አልጠየቁም። ችግራቸውን የነገሩት ለአላህ ነው፤ ሲናገሩም ምን ይሰጠኝ ብለው አልመረጡም፣ ድህነታቸውን ብቻ ገለጹ። መልሱም መጣ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ በሐፍረት እየተራመደች መጥታ አባቷ እንደሚጠሯቸው ነገረቻቸው። ሙሳም ከአሳዳጆቻቸው ስጋት ዳኑ፣ የ8 ዓመት ሥራ አገኙ፣ ከፈለጉም 10 እንዲሞሉ ተነገራቸው፤ ትዳርም መሠረቱ።

ሁለተኛው ሰው ቃሩን ነው። እርሱም ከሙሳ ሕዝብ ነበር። የሀብቱ መክፈቻዎች እንኳ ለብርቱ ሰዎች ጭፍራ የሚከብዱ ነበሩ። ወገኖቹ አላህ በጎ እንዳደረገለት እርሱም በጎ እንዲያደርግ ሲመክሩት፣ ሀብቱን ያገኘው በራሱ ዕውቀት እንደሆነ መለሰላቸው። መጨረሻው ከነቤቱ በምድር መዋጥ ሆነ፤ ከአላህ ሌላ የሚረዳው ጭፍራም አልነበረውም።

እንግዲህ «ሁሉን በራሴ እወጣዋለሁ» የሚለው አስተሳሰብ ወደ ማን መንገድ እንደሚያቀርብ ማሰብ ይገባል። ገንዘብ ባይኖረንም የቃሩን አነጋገር ሊኖረን ይችላል።

አንዳንዶች «ለአላህ ከነገርኩ ለሰው መንገር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ለዚህም መልሱን ከሙሳ እናገኛለን። ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜ፣ በሱረቱ ጣሃ እንደተተረከው፣ ደረታቸው እንዲሰፋ፣ ነገራቸው እንዲቀል፣ የምላሳቸውም ቋጠሮ እንዲፈታ ለመኑ። በዚህ ሳያበቁ ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው ጠየቁ። በሱረቱል ቀሰስም ሃሩን በንግግር ከእርሳቸው የተሻሉ መሆናቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ነቢይ ሆነው ሳለ «ወንድሜ በዚህ ይበልጠኛል» ማለት ክብራቸውን አልቀነሰም። አላህም ልመናቸውን ሰጣቸው። ስለዚህ አላህ የሚረዳን አንዳንዴ በሰው በኩል ነው፤ ያንን ሰው ማማከርም ከተወኩል አያወጣም።

በአንጻሩ «አልቻልኩም» የስንፍና መሸሸጊያ መሆን የለባትም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሚጠቅመን ነገር እንድንጥር፣ በአላህም እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍም አዘዋል። ጥረትና እርዳታ መጠየቅ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ መጥተዋል። ሳያጠና ዱዓ የሚያደርግ ተማሪም፣ ዱዓን ረስቶ የሚያጠና ተማሪም የትእዛዙን ግማሽ ትተዋል።

የአቅም ውስንነትን ማመን ደግሞ ለችግር ቀን ብቻ የተቀመጠ አይደለም። የሱረቱል ፋቲሓ 5ኛው አንቀጽ ማምለክንና እርዳታ መለመንን ለአላህ ብቻ አድርጎ አንድ ላይ ያጣምራል። ሱብሒ 2፣ ዙህር 4፣ ዐስር 4፣ መግሪብ 3፣ ዒሻእ 4 ረከዓ ነው፤ በፈርዱ ብቻ በቀን 17 ጊዜ እርዳታ ፈላጊ መሆናችንን እንናገራለን ማለት ነው። ቡኻሪ ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለባልደረቦቻቸው የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ ኢስቲኻራን ያስተምሩ ነበር። በዚያ ዱዓ ባሪያው አላህ ቻይ፣ እርሱ ግን የማይችል፣ አላህ ዐዋቂ፣ እርሱ ግን የማያውቅ መሆኑን ይመሰክራል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ ከዒሻእ በኋላ ጥቂት እንቆይ። ያስጨነቀንን ነገር በስሙ ጠርተን ለአላህ እንንገረው፤ የቤት ኪራይ ከሆነ የቤት ኪራይ፣ ሕመም ከሆነ ሕመም እንበል። ዐረብኛ አለመቻላችን ከዱዓ አያግደን፤ አላህ አማርኛችንንም ይሰማል። ቀጥለን በእጃችን ያለውን ሥራ እንሥራ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ካስፈለገ እንሂድ፣ ዕዳ ካለ ከአበዳሪው ጋር እንነጋገር። ከቤተሰባችንም ሃሩን የሚሆነንን ሰው እናማክር።

ወላጆችም አደራ አለባችሁ። ልጃችሁ «ከበደኝ» ሲል የጎረቤትን ልጅ እየጠራችሁ አታሸማቅቁት፤ ዛሬ የተሸማቀቀ ነገ ይደብቃል። ቁጭ ብላችሁ ስሙት፣ አብራችሁትም ዱዓ አድርጉ። ባልና ሚስትም የጓዳቸውን ችግር ከአበዳሪ አፍ ሳይሆን ከራሳቸው አንደበት ይስሙት።

አላህ (ሱ.ወ.) ድካማችንን ዐውቀን ወደ እርሱ የምንመለስ ያድርገን። ለጭንቀታችን መውጫ፣ ለሥራችንም በረከት ይስጠን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።