ሰብር ማለት ሕመምን መደበቅ አይደለም፦ ስለ ካንሰር ሕመምና ስለ ኤሌክትሪክ ማስታገሻው

 

ሕሙማንን ለመጠየቅ በየቤቱ ስንሄድ ሁለት ነገሮችን ደጋግመን እናያለን። አንዳንዱ የካንሰር ሕመምተኛ «ሰብር አድርጌያለሁ» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ያድራል። ማስታገሻ መጠየቅ አጅሩን የሚቀንስበት ይመስለዋል። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ «ካንሰሩን ያደርቃል» የተባለ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለ የሌለውን ጥሪት አውጥቶ ይገዛል። «ይህን ነገር መጠቀም ይፈቀዳል ወይ? ይጠቅማልስ ወይ?» የሚል ጥያቄም ይቀርብልናል። ሁለቱም ቤቶች ግልጽ መልስ ይገባቸዋል ብለን ስላመንን ይህን ጽፈናል።

በመጀመሪያ ስለ ሰብር። ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) የሰብር ምሳሌ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጉዳት ሲደርስባቸው ለጌታቸው አቤት ብለዋል፤ አላህም የሚታጠቡበትንና የሚጠጡትን ውኃ ሰጥቶ ጉዳቱን አንስቶላቸዋል። ረሱላችንም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ ራሳቸውን ሲያማቸውም ሒጃማ ተደርጎላቸዋል። ሰብር ማለት በአላህ ውሳኔ አለማማረር ነው እንጂ «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ ለሐኪም አለመናገር አይደለም። ሕመሙ ፋታ ያልሰጠው ሰው ሶላቱን ተረጋግቶ መስገድ፣ ልጆቹን ማናገር፣ ያለበትን ዕዳና ወሲያውን ማስተካከል ያቅተዋል። ሕመሙ ሲቀልለት ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በሕክምናው ዓለም ቴንስ ይባላል። በባትሪ የሚሠራ፣ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ነው። ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፍ ላይ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ፓዶች አሉ። ሲበራ በቆዳ በኩል ቀላል የኤሌክትሪክ ግፊት ወደ ነርቮች ይልካል፤ ሰውየውም ጉንዳን የሚርመሰመስበት ዓይነት ስሜት ይሰማዋል።

ይህ እንዴት ሕመም ያስታግሳል? ጉልበታችን ከዕቃ ጋር ሲጋጭ ሳናስበው በእጃችን እናሸዋለን፤ ሕመሙም ትንሽ ቀለል ይላል። እ.ኤ.አ በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ ማብራሪያ አቀረቡ። ሕብለ ሰረሰራችን ውስጥ እንደ በር የሚሠራ ነገር አለ፤ የመነካካት መልእክት በብዛት ሲገባ በሩ ስለሚጠብ ወደ አንጎል የሚያልፈው የሕመም መልእክት ይቀንሳል አሉ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሻሻያ ቢደረግበትም መሠረቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1967 ደግሞ ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም የሳንባ ካንሰር በያዘው ሰው ሕብለ ሰረሰር ላይ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ቀበረለት፤ የሰውየውም ሕመም ቀነሰ። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ቴንስ በስፋት መጠቀሚያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት። ቴንስ የሚሠራው በሕመም ስሜት ላይ ብቻ ነው። ዕጢ አያሟሽሽም፣ ካንሰር አያጠፋም። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው እያጭበረበረ ነው፤ በሸሪዓችንም በንግድ ማታለል ሐራም ነው።

ሕመሙን በማስታገስ ረገድስ ምን ያህል ተረጋግጧል? ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ በ2012 ባወጣው ግምገማ፣ በካንሰር ሕመም ላይ መስፈርቱን ያሟሉ 3 ጥናቶችን ብቻ አገኘ። ተሳታፊዎቻቸው በድምሩ 88 ሰዎች ናቸው። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸው ሰዎች ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸውን ሕመም ሊቀንስ እንደሚችል አንዱ ጥናት ፍንጭ ሰጥቷል። የግምገማው መደምደሚያ ግን «ይጠቅማል» ወይም «አይጠቅምም» ብሎ ለመቁረጥ ማስረጃው አይበቃም የሚል ነበር። ስለዚህ እኛም በሐኪም ምክር ይሞከር፣ ለጠቀመው ይቀጥል፣ ላልጠቀመው ይቅር እንላለን። ሌላ ሕክምና ተትቶ በእሱ ብቻ ተስፋ መጣል ግን ትክክል አይደለም።

ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ1986 ለካንሰር ሕመም ያወጣው መመሪያ እንደ መሰላል ነው፤ ከቀላል ማስታገሻ ተነስቶ እንደ ሕመሙ ክብደት እስከ ሞርፊን ይወጣል። ብዙ ሰው ሞርፊን ሲባል «ሱስ ነው»፣ «ያሰክራል»፣ «ሐራም ነው» ብሎ ይሸሻል። በሐኪም ትእዛዝ፣ በልክ፣ ለከባድ ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት ለመዝናናት ከሚወሰድ አደንዛዥ ዕፅ ጋር አንድ አይደለም። ፉቀሃዎችም የደሩራን ብይን ያስቀመጡት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሞርፊን ሆድ ያደርቃልና ለዚያ የሚሆነውን መድኃኒት አብራችሁ ጠይቁ። ቴንስ ከዚህ ሁሉ ጎን የሚቆም ረዳት ነው እንጂ በቦታው የሚተካ አይደለም።

መሣሪያውን መሞከር የሚፈልግ ሰው ከሐኪም ወይም ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ይነጋገር። ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይጠቀም። የሚጥል በሽታ ያለበትና ነፍሰ ጡርም አስቀድመው ይጠይቁ። ፓዱ የአንገት ፊት ለፊት፣ ቁስል ያለበት፣ በጨረር ሕክምና የተጎዳ ወይም የደነዘዘ ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ዕጢው ባለበት ቦታ ላይም ሐኪም ሳይፈቅድ አይደረግም። ኃይሉ የሚጨመረው ስሜቱ ጠንከር ብሎ ሳያሳምም እስኪሰማ ድረስ ነው።

ስለ ዒባዳ ለሚጠይቁን፦ ፓዱ ጀርባ ወይም ወገብ ላይ ከሆነ የውዱእ አካል አይደለምና ውዱእ አይከለክልም። ውዱእ አካል ላይ ከሆነ ወይም ገላ ለመታጠብ ሲፈለግ አጥፍቶ መንቀል ነው፤ ተነቃይ ስለሆነ ችግር የለውም። ኪስ ውስጥ ሆኖ እየሠራ መስገድም ይቻላል።

በመጨረሻም ለጀማዓችን አንድ ሐሳብ አለን። ለካንሰር ሕመምተኛ ሰደቃ ስንሰበስብ መጀመሪያ ለማስታገሻ መድኃኒቱና ወደ ሆስፒታል ለሚመላለስበት ትራንስፖርት እናውለው። ከዚያ የሚተርፍ ካለ በየመስጂዱ አንድ ሁለት ቴንስ ገዝቶ፣ ሐኪም ለፈቀደለት ሰው በተራ ማዋስ ይቻላል። ፓዱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይሁን። ለአንድ ድሃ ቤተሰብ መሣሪያውን ሳይገዙ ለሁለት ሳምንት ሞክሮ ማየት ትልቅ እፎይታ ነው። ከመካከላችሁ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ አጠቃቀሙን በማስተማር አግዙን። ታማሚ ስትጠይቁም «አይዞህ፣ ቻለው» ብላችሁ አትውጡ። «የት ያምሃል? ማታ እንቅልፍ ይወስድሃል? ለሐኪም ነግረሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ዐፊያ ያድርግልን፤ የሚያስታምሟቸውንም አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።