ስፒከሩ እኮ ስክሪኑ ነው!

እስቲ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ «ኮምፒውተርህ ይኸውልህ፤ ስክሪኑ አንዳንዴ ድንገት ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ የየመስመሩን መጀመሪያ ይውጣል፤ ቻለው» ቢለው ምን እንላለን? እንስቃለና! ለዐይነ ስውር ሠራተኛና ተማሪ ግን የምንሰጠው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ያኔ አያስቀንም።

ዐይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በሚባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ድሮ ሰበባችን የሶፍትዌሩ ዋጋ ነበር። ጃውስ ውድ ነው እንል ነበር፤ እውነትም ውድ ነው። ነገር ግን ማይክል ከራን የተባለ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል። ሰበቡ አለቀ። እኛ ግን ሶፍትዌሩን ጭነን፣ ፎቶ ተነስተን፣ አጨብጭበን እንሄዳለን። ድምፁ የሚወጣበትን ዕቃ ማን ጠየቀ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

«ድምፅ ድምፅ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» ለሚል ልንገረው። ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ጥቂት ጸጥታ ካገኙ ሳውንድ ካርዱን ያስተኙታል። ስክሪን ሪደሩ መናገር ሲጀምር ካርዱ ገና እየነቃ ነው፤ የቃሉ መጀመሪያ ተውጦ ይቀራል። ዘፈን ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም። በአማርኛ ግን ክልከላችን የሚቀመጠው ቃሉ መጀመሪያ ላይ ነው። «አትሰርዝ» ጭንቅላቱ ሲቆረጥ «ሰርዝ» ይሆናል። «አትክፈል» ደግሞ «ክፈል»። ይህን ባንክ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አስቡት።

ብሉቱዝስ? አቦ፣ ያምራል፤ ማን ይጠላል! ግን ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ፊልም ላይ ቪዲዮው እየጠበቀ ያስተካክለዋል፤ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር መልስ ለሚጠብቅ ሰው ግን በየፊደሉ መንተባተብ ነው። በዚያ ላይ ማይክራፎኑ ሲከፈት ብዙዎቹ ጆሮ ማዳመጫዎች ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳሉ፤ በኢንተርኔት የሥራ ቃለ መጠይቅ እየሰጠ ያለ ሰው ጠያቂውንም ስክሪን ሪደሩንም በታፈነ ድምፅ ይሰማል። ቻርጁ ካለቀና መብራት ከሌለ ደግሞ አለቀ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ የሳውንዱ ድራይቨር ቢበላሽ፣ ማየት የሚችል ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያስተካክላል። ለዐይነ ስውሩ ሴቲንጉን የሚያነብለት ያው የጠፋው ድምፅ ነው። ፈተና ላይ ከሆነ ፈተናው አመለጠው፤ ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ «ሰነፍ» ተባለ።

«በጀት የለም» የሚል አይጠፋም። እናንተዬ፣ እንነጋገር ካልን መድኃኒቱ ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው! ፍላሽ የምታክል የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ድራይቨር አትፈልግም፤ የላፕቶፑ ድምፅ ሲከዳ መሰካት ብቻ ነው። ባለ ገመድ ጆሮ ማዳመጫ ይጨመር፤ ቢቻል ድምፁ በእጅ የሚጨመርና የሚቀነስበት። ለቢሮ ደግሞ ባለ አንድ ጆሮው ይሻላል፤ ሁለተኛው ጆሮ ባልደረባን ይሰማበታል። ሁሉም ሁለት ሁለት ይገዛ፤ መለዋወጫ የሌለው ስክሪን አይታመንም።

ሱቅ ውስጥ መፈተንም ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና ኢንተርን አንድ ላይ ሲጫኑ ናሬተር የተባለው ስክሪን ሪደር ይነሳል። አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ ማቆየት፣ ከዚያ ታብ መጫን። የመጀመሪያው ቃል ሙሉ ካልተሰማ ዕቃውን መመለስ። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ። ከሁሉም በላይ ግን ምርጫው የሚጠቀምበት ሰው ይሁን፤ እኛ የማንሰማበትን ጆሮ ማዳመጫ እኛ ምን አገባን?

አሠሪዎችም «ኮምፒውተር ሰጥተናል» ብለው አይገላገሉ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ጥሏል። ሰው የማይሰማው ኮምፒውተር ምኑ ተመቻቸ?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተር ልትለግሱ ስትነሱ መጀመሪያ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ደብዳቤ ጻፉበት። ጽፋችሁ እስክትጨርሱ ፎቶ አንሺው ይቆይ።