ቀጭን ሽቦ የሚላጥበት መሣሪያ እንዴት ይመረጥ?

እየቀነሱ የሚሠሩት ሥራ እየጨመሩ ከሚሠሩት ሥራ ይልቅ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ግንበኛ ድንጋዩ ቢጣመምበት አንሥቶ ሌላ ይተካል። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ አለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራቸውም። በስሕተት የተነሣ የአለት ቁራጭ ተመልሶ አይተከልም። በላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ ዛሬም የሚታየው የመሣሪያ ፈለግ፣ ሥራው በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ መከናወኑን ይመሰክራል።

ይህ ደንብ ከታላቁ አለት እስከ ትንሹ ሽቦ ድረስ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ሽቦን ጫፍ መላጥም የመቀነስ ሥራ ነው። መነሣት የሚገባው ላስቲኩ ብቻ ሲሆን፣ ስለቱ ጥቂት አልፎ መዳቡን ከነካው የተጫረው መዳብ ተመልሶ አይድንም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሽቦ መላጫ ሲመረጥ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ መሣሪያው መዳቡን ሳይጎዳ ላስቲኩን ብቻ ማንሣቱ ነው።

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሰዎች በገዛ እጃቸው በሚሠሯቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ነው። ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ዌበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ተሳትፎ በአዲስ አበባ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በእኛ ዘመንም አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከቮልስዋገን መኪና በተወሰደ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ሠርቷል። «ኬ-570ኤ» ብሎ የሰየመውም በእናቱ ስም መነሻ ፊደልና ሥራው በፈጀበት የ570 ቀናት ቁጥር ነው። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ምኞት ያለው አይጠፋም። ምኞቱ ግን በክንፍና በሞተር ብቻ ፍጻሜ አያገኝም፤ በሽቦ ጫፍም ጭምር ነው።

በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ ለሬዲዮ፣ ለመብራትና ለመለኪያ መሣሪያዎች ከሚያገለግሉት ሽቦዎች አንዱ በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር 22 የሚባለው ነው። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው እየቀጠነ ይሄዳል። የአውሮፕላን ቁጥር 22 ሽቦ ከ19 ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተገመደ ሲሆን፣ የአንዱ ክር ውፍረት 0.16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም ከሰው ፀጉር እምብዛም አይርቅም። ሽፋኑ ደግሞ ቴፍዜል ከሚባል ስስ፣ ጠንካራና አንሸራታች ፕላስቲክ ይሠራል። ይህን ጠንካራ ሽፋን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ፀጉር መሰል ክር መማር ቀላል አለመሆኑን ልብ በሉ።

ክሩ ቢጫር ምን ይመጣል? በመሬት ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል። መብራቱ ይበራል፤ ሬዲዮውም ይናገራል። ሞተሩ ሲነሣ ግን አውሮፕላኑ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የተጫረ ክር የሚሰበረው በተጫረበት ቦታ ነው። አንዱ ሲሰበር ሸክሙ ወደ ቀሩት ይተላለፋል፤ እነርሱም በተራቸው ይዳከማሉ። ጉዳቱን የከፋ የሚያደርገው ስውርነቱ ነው። የሽቦው ጫፍ በተርሚናል ውስጥ ገብቶ ከተጨመቀ በኋላ ጭረቱን የሚያይ ዓይን የለም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የጥገና መመሪያ፣ ባለ 19 ክር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲላጥ የሚጫሩት ክሮች ከ2 እንዳይበልጡ፣ የሚቆረጥ ክር ግን አንድም እንዳይኖር የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

አሁን መሣሪያዎቹን እንመርምር። ቢላዋና ምላጭ በየቤቱ ይገኛሉ፤ ነገር ግን የስለቱን ጥልቀት የሚወስነው የእጅ ግምት ብቻ ነው። ባለ ቀዳዳ መላጫ ፒንሳ ከዚህ ይሻላል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለአንድ ቁጥር ስለ ተለካ ስለቱ ከመዳቡ በፊት ይቆማል። ሆኖም አንድ ወጥመድ አለ። ከክሮች የተገመደ ሽቦ ቁጥሩ እኩል ከሆነው ወጥ ሽቦ ይልቅ ይወፍራል። ስለዚህ ለወጥ ሽቦ በተለካ ቀዳዳ የተገመደውን መላጥ የውጭዎቹን ክሮች መጫር ነው። ሦስተኛው ዓይነት በአንድ መንጋጋ ሽቦውን ይዞ በሌላው ሽፋኑን ቆርጦ የሚስብ ነው። ለሽቦው ቁጥርና ለሽፋኑ ዓይነት የተስማማ ስለት ከተገጠመለት ለብዙ ሥራ የሚመረጠው ይህ ነው። አራተኛው በሙቀት የሚልጥ ነው። መዳቡን በስለት አይነካም፤ ነገር ግን ከሚግለው ፕላስቲክ የሚወጣው ጭስ ለጤና ስለሚጎዳ ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል።

«ጥሩ ባለሙያ በቢላዋም ቢሆን ይሠራል» የሚል ሰው አይጠፋም። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በአንድ አውሮፕላን ውስጥ የሚላጠው የሽቦ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሳይሆን እጅግ ብዙ ነው። ጠዋት የረጋ እጅ ማታ ይደክማል። የተለካ ቀዳዳ ግን አይደክምም። «ውድ መሣሪያ ከየት ይመጣል?» ለሚለውም መልስ አለ። ልኩ የተስማማ ተራ ፒንሳ፣ ልኩ ካልተስማማ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። የመሣሪያውን ደግነት የሚያረጋግጠው የተጻፈበት ዋጋ ሳይሆን ፈተና ነው።

ፈተናውም ቀላል ነው። ከምትሠሩበት ሽቦ ቁራጭ ወስዳችሁ አሥር ጊዜ ላጡ። ከዚያም ክሮቹን በትናችሁ በፀሐይ ብርሃን በአጉሊ መነጽር ተመልከቷቸው፤ ቁጠሯቸውም። አንድ ክር ከጎደለ ወይም ከተጫረ ቀጥሎ ያለውን ሰፊ ቀዳዳ ሞክሩ። በሰፊውም ሽፋኑ ተቦጫጭቆ ከወጣ ስለቱ ዱልዱም ነው፤ ወይም መሣሪያው ለዚያ ሽፋን አልተሠራም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰ እህል እንኳ ይለቀማል፤ የተጫረ ክር ግን አይለቀምም። መድኃኒቱ ጫፉን ቆርጦ ጥሎ እንደ ገና መላጥ ብቻ ነው።

ይህ ምክር የሚበጀው አውሮፕላን ለሚሠራ ብቻ አይደለም። በላሊበላ ከተማም ሆነ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ባሉ የላስታ መንደሮች የምትማሩ ሁሉ ሬዲዮ ወይም በፀሐይ ኀይል የሚሠራ መብራት ሲበላሽ ሽቦ ትነካላችሁ። ሽቦውን በጥርስ መላጥ ጥርስንም ሽቦንም ይጎዳል። ተበጥሶ የተንጠለጠለ አንድ ክር ከሌላው የባትሪ ጫፍ ጋር ቢገናኝ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሽቦውን ከኤሌክትሪክ ምንጩ ለዩ፤ ቀጥሎም ልኩን የሚያውቅ መሣሪያ ያዙ፤ በመጨረሻም ክሮቹን ቁጠሩ። ዛሬ በመንደር መብራት ላይ 19ኙን ክር ሳይጎዳ ማቆየት የለመደ እጅ፣ ነገ የሰው ሕይወት የሚሳፈርበትን ሽቦ ሊታመን ይችላል።